«በሆዴ እያለች ደንግጬ ነበር፤ ልጄን ጎዳኋት ወይ?»

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዋ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች 9 ሳምንቷ ነው። የጻፈችውን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦

«የስድስት ወር ነፍሰ ጡር እያለሁ አጣዬ ላይ ተኩስ ተነሳ። በሌሊት ወጣን። አሁን የባለቤቴ ወንድም ቤት ነው ያለነው፣ ባለቤቴም ሥራ የለውም። እስክወልድ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም። ልጄ በጊዜዋ ነው የተወለደችው፣ 2 ኪሎ ከ900 ግራም ነበረች። ቀን ሰላም ናት። ሲመሽ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ታለቅሳለች። በር ሲንጓጓ እጇን ዘርግታ ክው ትላለች። አማቴ ‹በሆድሽ እያለች የደነገጠችው ነው› ይሉኛል። ቅቤ አልሻት፣ እንጥሏን እናስቆርጣት ይላሉ። ሳነሳት ደግሞ ‹እቅፍ ታስለምጃታለሽ› ይላሉ። እሷ ስትተኛ እንኳ እኔ አልተኛም። ዶክተር፣ ልጄን በገዛ ጭንቀቴ አበላሸኋት? ዕድሜ ልኳን ፈሪና አልቃሻ ልትሆን ነው?»

አላበላሸሻትም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ከጻፍሽው ውስጥ ልጅሽ መጎዳቷን የሚያሳይ አንድም ነገር አላገኘሁም። በጊዜዋ ተወልዳለች፣ ክብደቷም ደህና ነበር። በእኔ እምነት እዚያ ቤት ውስጥ ቶሎ መታየት ያለበት ሰው አንቺ ነሽ። ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የተደባለቁትን ነገሮች እንለያቸው።

ክው ማለቷን እንውሰድ። ድምፅ ስትሰማ ወይም ጭንቅላቷ ትንሽ ወደ ኋላ ሲል ሁለት እጆቿን ትዘረጋለች፣ ጣቶቿን ትከፍታለች፣ ከዚያ እንደ ማቀፍ አድርጋ ትሰበስባቸዋለች። አንዳንዴም ታለቅሳለች። ይህ ከሆድ የመጣ ድንጋጤ አይደለም። ጤነኛ አራስ ሁሉ ያለው የነርቭ ምላሽ ነው። ኤርንስት ሞሮ የተባለ ኦስትሪያዊ የሕፃናት ሐኪም በፈረንጆቹ 1918 ስለ ጻፈበት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ቀስ እያለ ይጠፋል። እኛ አራስ ስንመረምር ሆን ብለን እንቀሰቅሰዋለን። የሚያሳስበን ሳይኖር ሲቀር ወይም በአንድ እጅ ብቻ ሲታይ ነው። ተኩስ ሰምታ ከማታውቅ እናት የተወለደች ሕፃንም እንዲሁ ታደርጋለች።

ለቅሶውም የራሱ ሥርዓት አለው። ሕፃናት ከተወለዱ ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው ለቅሷቸው መጨመር ይጀምራል፣ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆናቸው ይረግባል። አብዛኛው ደግሞ ከማታ ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን እናቶች በየዕለቱ የመዘገቡትን ይዞ በ1962 ሲያወጣው፣ በ6ኛው ሳምንት ጤነኛ ሕፃን በቀን ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ እንደሚያለቅስ አሳየ። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ የሚያለቅስ ጤነኛ ሕፃን ሲያጋጥመን ደግሞ በተለምዶ የሕፃናት ቁርጠት እንለዋለን። ስሙ ቁርጠት ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ከሆድ አይደለም። ልጅሽ ከጣሪያው ገና መውረድ መጀመሯ ነው። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ስትነሳ ለውጡን ራስሽ ታይው ይሆናል። ካልሆነም ጥቂት ሳምንት ጨምሪላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። የ9 ሳምንት ለቅሶ ጠባይ አይደለም። ጠባይ የምንለው ልጅ ለአዲስ ነገር፣ ለድምፅ፣ ለረሃብ፣ ለሰው የሚሰጠው በተደጋጋሚ የሚታይ ምላሽ ነው። አሌክሳንደር ቶማስ እና ስቴላ ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከ1956 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለዋል። ከ100 ልጆች 40 ያህሉን ቀላል፣ 10 ያህሉን አስቸጋሪ፣ 15 ያህሉን ደግሞ ለመላመድ ጊዜ የሚወስዱ ብለው መደቧቸው። የቀሩት ድብልቅ ናቸው። ይህን ለማወቅ ኒውዮርክ መሄድም አያስፈልግም። መንዝ ውስጥ አምስት የወለደች እናት ጠይቂ። አንዱ ከአራስ ቤት ጀምሮ ዝም ያለ ነበር፣ አንዷ ደግሞ ቤት ትገለብጥ ነበር ትልሻለች። አባቱም እናቱም አንድ፣ ቤቱም አንድ። ጠባይ ጥሩ ድርሻው ከዘር ነው፣ የተረፈው ከማኅፀንና ከተወለደ በኋላ ካለው ኑሮ ነው።

ታዲያ የእርግዝና ጭንቀት ምንም አያደርግም? ያደርጋል። አማትሽ ከመሬት ተነስተው አይደለም የተናገሩት። ስንጨነቅ ሰውነታችን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የእንግዴ ልጅ ደግሞ በር ላይ እንደ ቆመ ጠባቂ ነው። ኮርቲሶልን ወደ ማይሠራ ዓይነት የሚለውጥ ኢንዛይም ስላለው ከእናት የመጣው ሁሉ ወደ ጽንሱ አያልፍም፣ ብዙው እዚያው ይቀራል። ጭንቀት ለወራት ሲቆይ ግን ይህ ጠባቂ በአንዳንድ ሴቶች ላይ እንደሚዳከም የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ያኔ የሚያልፈው ይጨምራል፣ እየተሠራ ያለውን የጽንሱን አእምሮ ለስጋት ንቁ ሊያደርገው ይችላል።

ግን ኮርቲሶል መርዝ አይደለም። በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ደም ውስጥ ወደ መውለጃዋ ስትቃረብ በጣም ይጨምራል። የጽንሱ ሳንባ እንዲበስል ያስፈልጋል። ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ላለች እናት በመርፌ የምንሰጠው መድኃኒት እንኳ የእሱ ዘመድ ነው። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ድንጋጤ ልጅ ላይ ታትሞ ይቀራል የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ሰዎች የሚያወሩት ስለዚያች ሌሊት ነው። ሳይንሱ የሚያየው ከዚያ በኋላ የመጡትን ወራት ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የባለቤትሽን ሥራ ማጣት፣ በሰው ቤት መኖሩን።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ? እንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ በ1991 እና በ1992 ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ እርግዝናዎች ተመዝግበው ልጆቹን መከታተል ተጀመረ። በእርግዝናቸው መጨረሻ አካባቢ በጣም ይጨነቁ የነበሩ እናቶች ልጆች 4 ዓመት ሲሞላቸው የስሜትና የጠባይ ችግር የታየባቸው ከሌሎቹ እጥፍ ገደማ ነበሩ። እጥፍ የሚለው ቃል ያስፈራል። ነገር ግን የትንሽ ቁጥር እጥፍ ትንሽ ነው። በጣም ከተጨነቁት እናቶችም የአብዛኞቹ ልጆች ደህና ነበሩ።

ለአንቺ የሚቀርበው ሌላው ነው። በ1998 ጥር ወር ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ከባድ የበረዶ ዝናብ መብራት ቆርጦ ሚሊዮኖችን በብርድ ጨለማ ውስጥ ጣላቸው። አንዳንዱ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። ሱዛን ኪንግ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በዚያ ጊዜ ያረገዙ ሴቶችን ተከታተሉ። መከራው እንደ አንቺው ከውጭ የመጣ ነው፣ ማንም አልመረጠውም። ልጆቹ 6 ወር ሲሆናቸው መከራ የበዛባቸው እናቶች ልጆች በአማካይ ለማባበል ትንሽ ያስቸግሩ ነበር። «በአማካይ» እና «ትንሽ» የሚሉትን ቃላት አትለፊያቸው። ስለ አንዲት ልጅ ምንም አይወስኑም።

በአገራችንም ቡታጅራ ላይ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት ተሠርቷል። ጭንቀትና ድባቴ የነበረባቸው ሴቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት መስጠት ለመጀመርም የመዘግየታቸው ዕድል ከፍ ያለ ነበር። የልጆቹ የልደት ክብደት ግን አልቀነሰም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የተጨነቀች እናት ልጅ ሲነጫነጭ ምክንያቱ ማኅፀን ነው፣ ዘር ነው ወይስ የአሁኑ ኑሮ? ለመለየት ከባድ ነው። እናትየዋ ዘሯንም ሰጥታዋለች፣ ማኅፀኗንም፣ ጭንቀቷም ከወሊድ በኋላ ቀጥሏል። በዚያ ላይ የደከማት እናት የልጇን ለቅሶ አብልጣ ትሰማዋለች፣ ይህ ሰው የመሆን ነገር ነው። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት አንድ ብልህ መንገድ ተጠቀሙ። በሕክምና እርዳታ የተፀነሱ ልጆችን ወሰዱ። ከፊሎቹ ከራሷ ከእናትየዋ እንቁላል የተፀነሱ ናቸው፤ ከፊሎቹ ከሌላ ሴት እንቁላል ተወስዶ በእሷ ማኅፀን ያደጉ ናቸው፤ ማለትም የዘር ዝምድና የላቸውም። የልጆቹ ፍርሃትና ጭንቀት ሲታይ፣ ከእርግዝናው ጭንቀት ይልቅ የተያያዘው እናትየዋ አሁን ካለባት ጭንቀትና ድባቴ ጋር ነበር። የጠብና የእምቢተኝነት ጠባይ ላይ የማኅፀኑ ድርሻ ጎላ ብሎ ታይቷል፤ አንቺ የጠየቅሽኝ ግን ስለ ፍርሃት ነው።

ይህ ለአንቺ መልካም ዜና ነው። ያለፉትን ወራት መመለስ አይቻልም። የዛሬ ጭንቀትሽ ግን ይታከማል።

ሌላም ልጨምርልሽ። ሆላንድ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱና ገና ከጅምሩ በጣም የሚነጫነጩ 100 ሕፃናት ተመረጡ። ልጆቹ ከ6 እስከ 9 ወር ባሉበት ጊዜ ለግማሾቹ እናቶች ሦስት ጊዜ ብቻ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የልጃቸውን ምልክት ማንበብና መመለስ አሳዩአቸው። አንድ ዓመት ሲሞላቸው በእናታቸው ላይ ጽኑ መተማመን ያላቸው ልጆች ቁጥር ካልሠለጠኑት ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ1994 ነው የታተመው። ነጭናጫ ሕፃን ነጭናጫ ሆኖ እንዲያድግ አልተፈረደበትም። እንዲያውም እንዲህ ያሉ ልጆች ለጥሩ አያያዝ ከሌሎቹ ይበልጥ ምላሽ ይሰጣሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔም በሥራዬ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ አንሻት። የ9 ሳምንት ሕፃን በእቅፍ አትበላሽም፣ እናቷን ለማስጨነቅ አስባ የምታለቅስበት አእምሮም ገና የላትም። በካላሃሪ በረሃ ልጆቻቸውን ቀኑን ሙሉ ከአካላቸው የማይለዩ ማኅበረሰቦች ተጠንተዋል። የእነሱም ሕፃናት ለቅሶ በእነዚያው ሳምንታት ይጨምራል፣ በእነዚያው ይቀንሳል። ግን እያንዳንዱ ለቅሶ አጭር ነው። መያዝ ለቅሶን አያጠፋም፣ ያሳጥረዋል። አንገቷ እስኪጠና ግን በአንቀልባ ጀርባሽ ላይ ሳይሆን ደረትሽ ላይ ያዣት፤ ፊቷ ይታይሽ። መብራት ቀንሺ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ እሹሩሩ በያት። ያው የእናቶቻችን ዘዴ ነው፣ ከዚህ የተሻለ እኔም የለኝም።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ስለማውቅ ስለ ቤቱ ልጠይቅሽ። ማታ ከሰል አያይዛችሁ ቤት ታስገባላችሁ? ኩበቱ የሚነደው እሷ ባለችበት ክፍል ነው? ጭሱ ዓይንና አፍንጫዋን ያቃጥላታል፣ ሳልና የሳንባ ምች ያመጣባታል። ከሰል ደግሞ ጭስ ባይኖረውም የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ አለው፣ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። በልብስ አሙቂያት እንጂ በፍም አታሙቂያት። ስትጠቀልያት እግሮቿን አቅንተሽ አትሰሪያቸው፣ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ይፍታቱ።

ቅቤውን ተይው። ሕፃን ቅቤ ስትልስ ወደ ሳንባዋ ሊገባና ከባድ ምች ሊያስከትልባት ይችላል። አብሹም፣ ስኳር ውኃውም፣ ከፋርማሲ የሚገዛው ግራይፕ ዋተርም እስከ 6 ወር አያስፈልጋትም። ጤና አዳም ለሕፃን ሊመርዝ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፣ እዚህ ላይ አልለሳለስም። ለለቅሶ አንዳች ጥቅም የለውም። ደም ፈሷቸው፣ ቁስሉ መርቅዞ የሞቱ ሕፃናት አሉ። ማንም ቢለምንሽ እምቢ በይ። ጸሎትና ጠበል ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ ብቻ ይህችን የምታክል ልጅ በዚያ ብርድ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አትነከር።

አማትሽን ግን አትጣያቸው። የልጅ ልጃቸው ስታለቅስ አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው። ምናልባት እሳቸውም በዚያች ሌሊት የደነገጡትን አልተናገሩት ይሆናል። ሥራ ስጫቸው። ልጅሽ የምታለቅስበት ሰዓት ሌላ ሰው ሊይዛት የሚችልበት ሰዓት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ አጥብተሽ ስጫቸውና ሌላ ክፍል ወይም ጥግ ሄደሽ ጋደም በይ። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ባለቤትሽና እሳቸው እየተቀያየሩ ይያዟት። ከራባት ያምጡልሽ፣ አጥቢያትና መልሰው ይውሰዷት። አራት ሰዓት የተያያዘ እረፍት ለአንቺ መድኃኒት ነው። ብቻሽን ሆነሽ ለቅሶው ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ደግሞ በጀርባዋ አስተኝተሻት ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጪ። ምንም አትሆንም። ሕፃን መነቅነቅ ግን አእምሮዋን ሊያደማ ስለሚችል ማንም ቢሆን፣ በምንም ንዴት አያድርገው።

የሚከተሉትን ካየሽ ለቅሶ ነው ብለሽ ቤት አትቀመጪ። ትኩሳቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጡት ካልያዘች፣ አረንጓዴ ካስመለሳት፣ ሰገራዋ ላይ ደም ካየሽ፣ እርግብግቢቷ ካበጠ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ከተንዘፈዘፈች ወይም ለቅሶዋ ከወትሮው ተለይቶ ቀጭንና ደካማ ከሆነ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ውሰጃት። ድንገት ጩኸት ካነሳች ልብሷን አውልቀሽ ጣቶቿን እይ፤ ፀጉር ተጠምጥሞባት ሊሆን ይችላል። ብሽሽቷ ላይም እብጠት ካለ ተመልከቺ።

አሁን ስለ አንቺ። ልጅ ሲያለቅስ አለመተኛት የሁሉም እናት ነው። ልጅ ተኝታ እናት ዓይኗ ፈጦ ሲያድር፣ በዚያ ላይ «እኔ ነኝ ያበላሸኋት» የሚለው ሐሳብ ሲመላለስ፣ ይህ ድካም ብቻ አይመስለኝም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ሆደ ባሻነት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። አንቺ ግን 9 ሳምንት አልፎሻል። የድባቴ ምልክት ሊሆን ይችላል። ተኩሱ አሁንም በጆሮሽ የሚመጣ ከሆነ፣ በሕልምሽ የምትሮጪ ከሆነ፣ ይህም ስም ያለውና የሚታከም ነገር ነው። የእምነት ማነስ አይደለም፣ ክፉ እናትነትም አይደለም። በጥሩ ምክር የሚድን አለ፣ መድኃኒት የሚያስፈልገው አለ። እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ወደ ጡት የሚያልፉት በጣም ጥቂት በመሆኑ ጡት ማቆም ላያስፈልግሽ ይችላል። ብቻ ያለ ሐኪም አትጀምሪ፣ ከጎረቤትም ተቀብለሽ አትውሰጂ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ሽው ካለብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ለባለቤትሽ ንገሪው፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰድሽ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሐኪም መናገር ነውር የለውም፤ ብዙ እናቶች ነግረውኛል፣ ድነውም አይቻለሁ።

ምክሬ አንድ ነው። የልጅሽ የ10ኛ ሳምንት ክትባት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሰማንያ ቀን ሳይሞላ ከቤት አይወጣም የሚል ካለ፣ ለክትባትና ለሕክምና መውጣት ማንም አይከለክልሽም። ክብደቷን ያስመዝኗት፤ በዚህ ዕድሜ በሳምንት 150 ግራምና ከዚያ በላይ እየጨመረች ከሆነ ጡትሽ በቅቷታል ማለት ነው። ከዚያ ካርዱን ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ። ስለ እናቶች ስሜት የሚጠየቁ ዐሥር አጫጭር ጥያቄዎች አሉ፣ ከዐሥር ደቂቃ አያልፉም። ነርሷ ካልጠየቀችሽ አንቺ ጀምሪ፦ «በእርግዝናዬ ከአጣዬ ተፈናቅዬ ነው የመጣሁት። ከወለድኩ ጀምሮ ልጄ ስትተኛም አልተኛም። ዛሬ የመጣሁት እኔም እንድታይ ነው» በያት። እዚያ የሚያይሽ ከሌለ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፣ ወረቀቱን ሳትይዢ አትውጪ። ባለቤትሽም አብሮሽ ይሂድ፤ ልጅቷን የሚይዝ ሰው ያስፈልግሻል።